የጅጉርቲው ቢጫ ጠብታ

መጋቢት 5፣ 2017፤ አርብ

በላብራቶሪ ደብተሬ ላይ «ዛሬ ተናደድኩ» ብዬ ጽፌ ነበር። ዶክተር ሙሉጌታ በቀይ እስክርቢቶ ሰርዘው ከጎኑ «በምን ተለካ?» ብለው ጻፉበት። አማካሪዬ ናቸው፣ ምን ይባላል! ከዛሬ ጀምሮ የማይለካው ሁሉ ወደዚህኛው ደብተር ይገባል።

አዲስ ስለሆንክ እንተዋወቅ፣ ደብተር። ራዊያ ዘይኑዲን እባላለሁ። የቆቦ ልጅ ነኝ፣ የኬሚስትሪ አራተኛ ዓመት ተማሪ። የመመረቂያ ጥናቴ የአባ ማሽላ ነው። አባ ሮቢት አጠገብ ባለው መሬቱ ላይ ጅጉርቲ የሚባለውን ረጅሙን ማሽላ ይዘራል። ቶሎ የሚደርሰውን አጭሩን ዘር ዝራ ሲሉት በግማሹ መሬት እሺ ይላል፣ በግማሹ ግን ያው ጅጉርቲውን ነው። የማሽላ ቡቃያ ከሥሩ ጸጉር ላይ ቢጫ ጠብታ ያወጣል። በጠብታው ውስጥ ያለው ነገር ሶርጎሊዮን ይባላል፤ አጠገቡ የሚበቅለውን አረም ያቀጭጫል። የውጭ ተመራማሪዎች በሌላ ማሽላ ላይ አጥንተውታል። የአባን ጅጉርቲ ግን እስከማውቀው ድረስ ማንም ጠጋ ብሎ አላየውም። እኔ ላየው ነው።

የሚታየው በኤን ኤም አር ነው። ትልቅ ማግኔት ያለው ማሽን ነው። ናሙናው በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሆኖ ማግኔቱ ውስጥ ይገባል፤ በሬዲዮ ሞገድ ይጠየቃል፤ እያንዳንዱ ሃይድሮጅንም ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ይናገራል። መልሱ ወረቀት ላይ እየሾለ ይወጣል፤ እኛ ፒክ እንለዋለን። ማሽኑ ያለው አዲስ አበባ ነው። እኛ ጋ ያለው ፎቶው ነው፣ መጽሐፍ ላይ።

ዶክተር ሙሉጌታ በስንት ልመና ለእኔ አንድ ተራ አስይዘዋል። የክፍላችን ደንብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ውህድ አገኘሁ ያለ ተማሪ ስፔክትረሙን፣ ማለትም ፒኮቹ የታተሙበትን ወረቀት፣ ያሳያል። ስፔክትረም ከሌለ ጥናቱ አያልፍም፣ ጥናቱ ካላለፈ ሰኔ ላይ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም። ይኸው ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ቢያንስ ተራ አለኝ።

መጋቢት 12፤ አርብ

ጾም። ሙቀት። መብራት ጠፍቷል። ቡቃያዎቹ ግን ደህና ናቸው።

ዘሩን በእርጥብ ወረቀት መሀል አድርገን ጨለማ ቁምሳጥን ውስጥ ነው የምናበቅለው። እኔ ለሰላት ስወጣ ሩታ ውሃ ታጠጣልኛለች። ሩታ የቆቦ ጎረቤቴ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከደቡብ ትግራይ የመጡ ናቸው፣ እናቷ እትዬ ብርኽቲ የእማ ወዳጅ ናቸው። እዚህም አንድ ጠረጴዛ እንጋራለን። የሷ ጥናት የጉድጓድ ውሃ ነው። እሷ ሁዳዴ ላይ፣ እኔ ረመዳን ላይ። «ይሄ ላብራቶሪ ገዳም ሆነ» ትላለች። ዶክተር ሙሉጌታ ብቻ በሩን ገርበብ አድርገው ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ እኛም አላየንም።

ኮሪደር ላይ አንድ መምህር ለሌላው ሲያወራ ሰማሁ። «ሙሉጌታ ለራሱ ናሙና ሁለት ተራ ለማግኘት ዓመቱን ሙሉ ደጅ ጠናና፣ ይኸው አሁን የተማሪ ደግሞ ጨመረበት» ይላል። የሳቸው የግንቦት ነው፣ የኔ የመጋቢት፤ ምን አገናኘው? ግን ደስ አላለኝም።

መጋቢት 20፤ ቅዳሜ፣ ቆቦ

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ትናንት ተከፈተ ተባለ። የሚኒባሱ ሹፌር ሙላው ጎብዬ ላይ አቁሞ ስልክ ደወለ፣ ሮቢት ላይ አቁሞ ደወለ፣ ከዚያ «አይዟችሁ፣ እናቶቻችሁ ጋ አደርሳችኋለሁ» አለ። አደረሰን። አላህ ይስጠው።

ባጃጅ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ለጓደኛቸው፣ «የዘይኑዲን ልጅ ኒውክሌር ትማራለች አሉ» ይላሉ። እኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ። ምን ልበል? ኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ነው እንጂ ቦምብ አይደለም ብዬ ከመናኸሪያ እስከ ቤት ላስረዳ?

እማ በር ላይ አገላብጣ ስማኝ ራሴን ዳበሰችኝ። «ይሄ ጸጉር ነው ገለባ? ራስሽንም ያምሻል አይደል? በስልክ ድምጽሽ ይናገራል እኮ» አለች። አላመመኝም አልኩ። ቢያመኝም ባያመኝም ለውጥ አልነበረውም፤ በአደስ የተለወሰ ለጋ ቅቤ አዘጋጅታ ነበር። መሬት አስቀምጣ፣ ጉልበቷ መሀል ይዛኝ፣ ጸጉሬን እየከፈለች ቀባችኝ። መሀል አናቴ ላይ ደግሞ ጭብጥ የሚያህል አስቀምጣ ሻሽ አሰረችበት። በቆቦ ሙቀት! ቅቤው በአንገቴ እየወረደ ጀርባዬ ድረስ ደረሰ።

«እማ፣ ሰው ላብራቶሪ ውስጥ እንዲህ አይሆንም» አልኳት።

«ሰው ላብራቶሪ ውስጥ አናት የለውም?» አለች።

ስንት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እንዳልነበረኝ ያወቅኩት እጇ ሲያስተኛኝ ነው።

መጋቢት 21፤ ኢድ

ኢድ ሙባረክ። ሜዳው ሞልቶ ነበር። አባ ነጭ ለብሶ፣ አምሮበት።

ከምሳ በኋላ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። «ማታ ከብት ሲገባ ስትጠራቸው ሁሉም በየድምጹ ይመልስልሃል አይደል?» አልኩት። «እንደዚያ ነው። ማሽኑ ይጠራል፣ ሃይድሮጅኖቹ ይመልሳሉ፤ ከድምጹ የት እንደቆሙ ይታወቃል።»

አሰበበት። «የሌላ ሰው ከብት ከመሀል ከገባስ?»

«እሱም ይመልሳል።»

«ይሄ ጥሩ ነው» አለ አባ፣ ረክቶ።

መጋቢት 23፤ ማክሰኞ

ዛሬ ነበር ቀኑ። በችኮላ ልጻፍ።

ጠዋት ራሴን ወጋኝ። እማ በትንሽ ብልቃጥ የሰጠችኝን ቅቤ መሀል አናቴ ላይ ጨመርኩና ቀለል አለኝ። ከዚያ ሥራ። ሥሮቹን ክሎሮፎርም ውስጥ ነከርን፤ ቢጫው ወዲያው ለቀቀ! ሩታ ጮኸች። አጣራሁ፣ ክሎሮፎርሙን አተነንኩ፣ የብልቃጡ ግርጌ ላይ ወርቅ የመሰለ ነገር ቀረ። በጣም ጥቂት ነው፣ የምስር ፍሬ አይሞላም። ያ ሁሉ ቡቃያ ለዚህ።

ማራገቢያው አይሠራም፣ መስኮት እንዳንከፍት አቧራ። የቀረኝ ጓንት አንድ ጥንድ ብቻ ስለሆነ እሱኑ ይዤ ዋልኩ። ላቤን በጓንቱ ጀርባ እየጠረግኩ፣ ሻሼን ወደ ኋላ እየገፋሁ፣ በብረት ማንኪያ ፍቄ ወደ ትንሹ ጠርሙስ ገለበጥኩት። የቀረችውን በጣቴ ገፋ አድርጌ አስገባሁ። ጥቂት ሌላ ብልቃጥ ውስጥ ለመጠባበቂያ አስቀረሁ።

ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መምህር ይወስደዋል። ያረብ፣ በሰላም አድርስልኝ። ብልቃጦቹን ሁሉ ያጠበችልኝ ሩታ ናት፤ ማመስገን እንዳልረሳ።

ሚያዝያ 2፤ ሐሙስ

ውጤቱ መጣ።

በወረቀቱ ስፍር አንድ ነጥብ ሁለት ላይ ተራራ የሚያህል ፒክ። አራት ላይ የማላውቃቸው ፒኮች። የምፈልገው የሶርጎሊዮን ምልክት፣ ሜቶክሲ፣ ሦስት ነጥብ ስምንት ላይ መቆም ነበረበት፤ ቦታው ላይ ከጫጫታው የማይለይ ነገር ነው ያለው።

ምናልባት አዲስ ውህድ ነው? ምናልባት የጅጉርቲ ብቻ የሆነ? ዶክተር ነገ ነይ ብለዋል።

ሚያዝያ 3፤ አርብ

አዲስ ውህድ አይደለም።

ዶክተር ሙሉጌታ ወረቀቱን አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «አንድ ነጥብ ሁለት ላይ ያለው ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ይሄ አያስደንቅም፣ ሶርጎሊዮንም ረጅም ጭራ አለው። አራት ላይ ያሉት ግን ግሊሰሪን ናቸው። ይሄ ቅባት ነው፣ ራዊያ። የሚበላ ቅባት» አሉ።

«የብልቃጥ ክዳን የምንቀባው ቅባት ይሆን?»

«እሱ ሌላ ቦታ ነው የሚወጣው። ይሄ ከኩሽና የመጣ ነው። ላብራቶሪዬ ውስጥ ማነው የሚበላው?»

ማንም አልኩ። ሁላችንም ጾመኞች ነን አልኩ። ሳቅ ይቀድማቸዋል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «ተራሽ አልቋል። እስከ መስከረም ሌላ ተራ የለም» አሉ። መስከረም! ጓደኞቼ ጋዋናቸውን ካወለቁ ስንት ጊዜ በኋላ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ለእማ ደውዬ ደህና ነኝ አልኳት። «ራስሽን ያምሻል?» አለችኝ። ድምጼ ነው የሚያሳብቅብኝ።

ሚያዝያ 4፤ ቅዳሜ

ዛሬ የማይባል ነገር ተናገርኩ።

ብልቃጦቹን ያጠበችው ሩታ ናት። ሌላ የነካ የለም። ጠረጴዛው ላይ ሆና ውሃዋን ስታጣራ ሄጄ፣ «ቅባት በነካው የሰሃን ማጠቢያ ነው እንዴ ያጠብሽልኝ?» አልኳት። ሁለት የሁለተኛ ዓመት ልጆች ቆመው ይሰሙ ነበር።

ሩታ ቀና ብላ አየችኝ። «ራዊያ፣ እኔ እኮ ሁዳዴ ላይ ነኝ። ቅቤ የት አግኝቼ?» አለች። ማታ ስመለስ ብልቃጦቹ ሁሉ እንደገና ታጥበው፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ ተደፍተው ተሰልፈው ነበር። የሷ ውሃ ሳይጣራ ቀርቷል።

ይቅርታ ማለት አለብኝ። ግን እሷ ካልሆነች ማን ነው?

ሚያዝያ 11፤ ቅዳሜ፣ ቆቦ

ለትንሣኤ ዕረፍት ወጣን። ከሩታ ጋር በአንድ መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠን መጣን፣ ሳንነጋገር። ሙላው በመስታወት ያየናል። «ምነው ዛሬ ሬዲዮዎቼ ተበላሹ?» አለ።

እማ የካምፓስ ልብሴን ከሻንጣ አውጥታ ማጠብ ጀመረች። እኔ አጠገቧ ሆኜ እጨምቃለሁ። ስለ መስከረም አስባለሁ። ውጤቱን አልነገርኳትም፣ «ማሽኑ ተጨናንቆ ቆየ» ብያታለሁ። ናሙናውን ያዘጋጀሁ ቀን ያሰርኳትን ሰማያዊ ሻሽ ሦስቴ በሳሙና አሸች፣ ሦስቴ አለቀለቀች፣ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ አየቻት።

«ወይ ጉድ! ይሄ ቅቤ አልለቅም አለ እኮ» አለች። «ግንባሩ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ እይው እስኪ፣ ጨርቁ ውጦታል።»

አየሁት። ክብ ክብ እየሠራ፣ የጣት ቅርጽ ያለው ሁሉ ነበረበት። የጣቶቹ ቅርጽ የኔ ነው። ሻሼን እየገፋሁ ነበር፤ ላቤን እየጠረግኩ ነበር፤ በዚያው ጓንት፤ በዚያው ጣት።

የያዝኩት ልብስ ከእጄ ወደቀ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አለች እማ።

«ምንም።»

«ፊትሽ ተለወጠ እኮ።»

«ፀሐዩ ነው፣ እማ።»

እንዴት ልንገራት? ልታሳርፈኝ ብላ ነው። አይ፣ አልነግራትም። መቼም አልነግራትም። ጥፋቱ የጓንቱ ነው፣ የእጄ ነው፣ የጭንቅላቴ ነው። የእማ ምንም የለበትም።

ሚያዝያ 12፤ እሁድ

እትዬ ብርኽቲ ቤት ለበዓል ሄድኩ። እማም አባም ጠዋት ገብተው እንኳን አደረሳችሁ ብለው ወጥተዋል። ለእኛ እንደ ሁልጊዜው ዳቦና ማር ለብቻ ተቀምጦልናል። ሩታን ጓዳ ውስጥ ይዤ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሻሹን፣ ጓንቱን፣ አናቴን። ስጨርስ ለቅሶ መጣብኝ። እሷ ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር።

«እና እኔ» አለች ሳቋን እየዋጠች፣ «በሁዳዴ፣ ያንን ሁሉ ብልቃጥ፣ ሁለተኛ ዙር... የእናትሽን፣ የእትዬ መይሙናን ቅቤ ሳጥብ ነው የዋልኩት? ጾሜን አስገደፍሽኝ እኮ አንቺ ልጅ!»

ይቅር በይኝ አልኳት። «ዳቦሽን ብዪ» አለችኝ። እትዬ ብርኽቲ ከመጋረጃው ወዲያ ድምጻችንን ሰምተው ገቡና፣ «አጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ፈጣሪ ያለው አይቀርም» ብለው ራሴን ሳሙኝ። ምን ያህሉን እንደሰሙ እንጃ። ለእማ እንዳይነግሩ ለሩታ አደራ ብያለሁ።

እንደዚህ ዓይነት ጓደኛ ያለው ሰው ምን ጎደለው? ስፔክትረም ብቻ ነው የጎደለኝ።

ሚያዝያ 14፤ ማክሰኞ

ዝናብ! ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ሳያቋርጥ። አባ በሬዎቹን ይዞ ሄዶ ማታ ጭቃ ሆኖ፣ እየሳቀ መጣ። ጅጉርቲውን ዘርቶታል። ሁሉንም!

ከዘሩ ትንሽ እንደምፈልግ እንዴት ሳልነግረው ቀረሁ? እንደገና ልሞክር እንኳ ብል ቡቃያ የለኝም። «ትንሽ አልተረፈም፣ አባ?» አልኩት፣ እንደዘበት። «ዘር ይተርፋል እንዴ ልጄ? መሬት እያለ» አለኝ።

እማ ተነስታ ኩሽና ገባች። ጣሪያው ሥር፣ ጭስ ላይ ከሰቀለቻቸው የጅጉርቲ ዛላዎች አንዱን አወረደች። ለክፉ ቀን የምታስቀምጠው ነው። በሁለት እጇ ይዛ አመጣችልኝ።

«ጭስ ነክቶታል። ማሽንሽ ጭስ ይጠላል?» አለች።

«እናጥበዋለን፣ እማ። ከዘሩ አይደለም፣ ከቡቃያው ሥር ነው የምንወስደው።»

«በደንብ እጠቢው» አለች። «እኔ ፈልፍዬ ልስጥሽ ብዬ ነበር። ግን አንቺው ፈልፍዪው፤ እኔ እጄን አላስገባም።»

ማሽላ ፈልፍላ የማትጠግበዋ እማ! ደክሟት ይሆናል። ዛሬ ስለ ራስ ምታቴም አልጠየቀችኝ፣ ስለ ጸጉሬም አላነሳች።

ሚያዝያ 17፤ አርብ

የመጠባበቂያውን ብልቃጥ ከፈትኩ። ሩታንም አስሸተትኳት። ከክሎሮፎርሙ ሽታ ሥር፣ ቀስ ብሎ፣ አደስ። የእማ ጓዳ።

ወደ ዶክተር ሙሉጌታ ሄድኩ። ተቀመጪ አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። እንደሚያባርሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

«እናቴም ትቀባኝ ነበር» አሉ። «ላስታ። ራሴን ሲያመኝ።» ከዚያ ደግሞ ወዲያው ያው ሰውዬ ሆኑ። «ይሄ ግን እስካሁን ወሬ ነው። ቅቤ ነው ካልሽ አሳዪ። ከዚያው ቅቤ ትንሽ አለሽ?»

እማ የሰጠችኝ ብልቃጥ ውስጥ አለ አልኩ።

«በቱቦ አዘጋጂው። ጅጉርቲሽንም እንደገና አብቅዪ፣ በንጹሕ እጅ። ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ስሄድ አየዋለሁ።»

«ግን ዶክተር፣ ተራው ከየት...»

«አየዋለሁ አልኩሽ። በሩን ዝጊው።»

በሩን ዘጋሁና ኮሪደሩ ላይ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ!

ግንቦት 2፤ ቅዳሜ

ሁለተኛው ዙር። ጸጉሬን በሳሙና ሦስቴ ታጠብኩ። ሩታ በር ላይ አቁማ ግንባሬን በነጭ ወረቀት እየጠረገች ወደ ብርሃን አየችው። «ማለፍ ትችያለሽ» አለች፣ ልክ እንደ ኬላ ጠባቂ። ጓንት ከራሷ ድርሻ ሰጠችኝ፤ የሷም የቀረው ያው ነበር። ላቤን እሷ ናት ስትጠርግልኝ የዋለችው።

ቢጫው ለቀቀ። የእማ ክፉ ቀን ዛላ ከመጀመሪያውም የበለጠ ሰጠ።

ግንቦት 7፤ ሐሙስ

ዶክተር ሄዱ። በትንሿ ሳጥናቸው ሦስት ነገር ይዘዋል፤ የኔን ቢጫ፣ የእማን ቅቤ፣ የራሳቸውን ናሙና። የራሳቸው ላይ በቀይ ስማቸውን ጽፈውበታል። ሁለት ተራ ነው ያላቸው የተባለው። ማሽኑ አንድ ቀን ሰፋ አድርጎላቸው ይሆናል። አላህ መንገዱን ያቅናላቸው።

ግንቦት 10

ምንም ወሬ የለም። ኔትወርክ የለም። የደብረ ሲናው መንገድ ክፍት ነው ይላሉ፣ ዝግ ነው ይላሉ። ዱዓ። ዱዓ።

ግንቦት 13፤ ረቡዕ

ተመለሱ! እግራቸው አቧራ፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ሳይቀመጡ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት።

ሦስት ነጥብ ስምንት ላይ አንድ ፒክ። ብቻውን፣ ቀጥ ብሎ። አምስት ነጥብ ስምንት ላይ ሌላው። አራት ላይ ምንም፣ ልክ እንደተጠረገ ግቢ። ሶርጎሊዮን ነው። የአባ ጅጉርቲ ሶርጎሊዮን አለው። አለው! አባ በመስኩ መሀል ዕድሜውን ሙሉ ሲረግጠው የኖረውን ነገር በዓይኔ አየሁት።

ሁለተኛው ወረቀት የእማ ቅቤ ነው። ከመጀመሪያው ናሙናዬ አጠገብ ሲቀመጥ ፒክ በፒክ ገጠመ።

«ሁለቱንም ጥናትሽ ውስጥ ታስገቢያለሽ» አሉ። «ስህተቱንም፣ ከየት እንደመጣም።» እሺ አልኩ። ከየት እንደመጣ የሚለውን ግን እንዴት እንደምጽፈው እንጃ።

ሳጥናቸውን ሲከፍቱ የራሳቸው ቱቦ አለ። በቀይ የተጻፈበት ስም አለ፣ ማሸጊያው አልተነካም። ዓይኔን ሲያዩ ሳጥኑን ዘጉት። «የኔ ለመስከረም ይደርሳል፤ አይበላሽም» አሉ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጠይቄ ቢሆን መልስ የሚሰጡኝም አይመስለኝም። ውሃ ላምጣልዎት አልኩ። አምጪ አሉ። ሌላ ምን መስጠት እችላለሁ? ቀዝቃዛ ውሃ አመጣሁላቸው።

ሰኔ 12፤ ሐሙስ

ዛሬ ጥናቴን ተከላከልኩ።

እማና አባ መጡ። እትዬ ብርኽቲም። ለሁሉም ክፍት ነው ብላ የጠራቻቸው ሩታ ናት፣ ሳትነግረኝ። ሙላው በነጻ ነው ያመጣቸው፤ ራሱም በር ላይ ቆሞ ሲያይ ነበር። እማ የኢዷን ልብስ ለብሳ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እሷን ሳያት የቅቤው ገጽ ትዝ አለኝ። በጽሑፉ ላይ «የእንስሳት ቅባት ብክለት» ብዬ ነው የጻፍኩት። እውነት ነው፣ ውሸት የለበትም። ግን ከየት እንደመጣ የሚለውን ለብ ለብ አድርጌ ነው ያለፍኩት። ዶክተር አይተው ጥያቄ ምልክት ብቻ በቀይ አስቀምጠውበታል።

ስለ ሶርጎሊዮኑ ጥሩ አቀረብኩ። አባ ምንም ሳይገባው ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ከዚያ ፈታኙ፣ ከሌላ ቦታ የመጡት ሰውዬ፣ የቅቤውን ገጽ ከፈቱ።

«ይሄ የእንስሳት ቅባት ምንጩ ምንድን ነው?»

እማን ላለማየት ሰሌዳውን አየሁ። «ምንጩ እጄ ነው» አልኩ። «ጸጉሬ ቅቤ ነበረው። ላቤን በጓንት ጠርጌ በዚያው ጓንት ናሙናውን ነካሁ። ስህተቱ የኔ ነው።»

«ቅቤ? ለምን...» ብለው ሊቀጥሉ ነበር።

«ቅቤው የኔ ነው!»

እማ ቆማለች። አባ የልብሷን ጫፍ ይዞ ይጎትታታል፣ እሷ አትሰማም። «የቀባኋት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ራሷን ያማት ነበር። እሷን አይቆጧት፤ እኔ ማሽኑ ቅቤ እንደሚያይ አላወቅሁም። ከሚያዝያ ጀምሬ ተጨንቄ ሞቼ ነው ያለሁት።»

ከሚያዝያ ጀምራ! እትዬ ብርኽቲ ጣሪያውን ያያሉ። ለካ ያኔ ዛላውን ስትሰጠኝ እጇን ያላስገባችው...

መጀመሪያ የሳቀው ዶክተር ሙሉጌታ ነው። ነው! ማለቴ ናቸው። በአራት ዓመት ውስጥ ጥርሳቸውን ያየሁት ዛሬ ነው። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ። ፈታኙም እየሳቁ ተነሱ። «እናታችን፣ ማንም አልተቆጣ፤ ይቀመጡ» አሉ። «ማሽኑ ቅቤዎን አይቷል። እኔም ዛሬ ገጽ ላይ አየሁት። ንጹሕ ቅቤ ነው።» ዶክተር ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስተው ሄዱና ለእማ ሰጧት። እማ ፒኮቹን በጣቷ እየነካች አየች።

«ይሄ ሁሉ እኔ የናጥኩት ነው?» አለች።

አልፌያለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ።

ሰኔ 27፤ አርብ፣ ቆቦ

ነገ ምርቃት ነው። ጋዋኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የሩታም አጠገቡ፣ አብረን ልንተኩሰው ስላመጣችው። አባ ከሮቢት ሲመለስ ከማሳው አንድ የጅጉርቲ ቡቃያ ከነሥሩ ነቅሎ አመጣልኝ። ሥሩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሲፈልግ ነበር። «ጠብታው ይሄ ነው?» አለኝ። ውሃ ነው አልኩት፤ ቢጫው በዓይን አይታይም፣ ቁምሳጥን ውስጥ ካላደገ ያስቸግራል። «ግን አለ» አለ። አለ አልኩት።

እማ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ዙሪያዬን ትዞራለች። ወንበር ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ጸጉሬን ታያለች፣ ዓይኗን ትመልሳለች። እጇን ታጥባ በፎጣ አደረቀች፣ ከዚያ መልሳ ታጠበችው። በኋላ በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ከኋላዋ ደብቃ፣ «አሁን ማሽን የለም አይደል?» አለችኝ።

«የለም፣ እማ።»

«ነገስ?»

«ነገ ጋዋን ብቻ ነው።»

ከኋላዋ የደበቀችውን ብልቃጥ አወጣች። የአደሱ ሽታ እኔ ጋ ቀድሟት ደረሰ። እኔም ይህን ደብተር አስቀምጬ ሻሼን ልፈታ ነው፤ ጉልበቷ ሥር ቦታ አበጅታልኛለች።